በአፈሳ ሳይሆን በማመልከቻ

(ስለ አሜሪካ የጦር አካዳሚዎች ማመልከቻ በተማሪዎች ኅብረታችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴው ለዛሬው ስብሰባ የሰጠን ርእስ «ወደ አሜሪካ የጦር አካዳሚዎች ማመልከቻ እንዴት ይቀርባል?» የሚል ነው። ነገሩ ቅጽ ስለ መሙላትና ቀን ስለ መጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ አባዝቶ ማደል በበቃ ነበር፤ እናንተንም በዚህ ብርድ ከየቤታችሁ ባላስወጣናችሁ ነበር። ነገር ግን እኛ ራሳችን በዚህ ጉዳይ ከአንድ ዓመት በፊት የሚያሳፍር ስሕተት ሠርተናል። ስለዚህ ንግግራችንን የምንጀምረው በዚያ ስሕተት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ከምናስጠናቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል አንድ ልጅ አለ። ስሙን አንጠራም። በትምህርቱ የበረታ፥ በሩጫም የሚታወቅ፥ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጥናቱ ካበቃ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ «አናፖሊስ ማመልከት እፈልጋለሁ» አለን። አናፖሊስ ማለት በሜሪላንድ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛም በጣም ደስ አለን። ከኛ ሰፈር አንድ ልጅ እዚያ ሲገባ ታየን። ሳንውል ሳናድር ሦስት ሆነን እናቱን ለማስረዳት ወደ ቤታቸው ሄድን።

ቡና ተፈላ። እኛም እንደ አስተዋይ ሽማግሌ ተራ በተራ ተናገርን። «እናታችን፥ ደስ ይበልዎት። ልጅዎ ያለ ክፍያ ሊማር ነው። ምግቡ፥ መኝታው፥ ሕክምናው በመንግሥት ነው። በላዩም ወርኃዊ አበል ይቆረጥለታል» አልን። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙን። ቶናውን ቀድተው ከጨረሱ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «ልጆቼ፥ ወንድሜን በአፈሳ ወሰዱብኝ። ወደ ገበያ እንደ ወጣ ቀረ። አሁን ደግሞ ልጄን ራሴ በማመልከቻ ልሰጥ ነው?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ቀጥለውም «ለመሆኑ ሲጨርስ ስንት ዓመት ነው የሚያገለግለው?» ብለው ጠየቁን። ከኛ አንዱ አራት አለ። ሁለተኛው አምስት አለ። ሦስተኛው ስኒውን አንሥቶ ጠጣ። እናትዮዋ ሦስታችንንም አዩን እንጂ ምንም አልተናገሩም።

ክቡራን ሆይ፥ የዚያን ቀን ማታ እየተሸማቀቅን ተመለስን። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ አፈሳ ምን እንደ ሆነ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታላላቆቻችን ከኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። እናት ልጇን በጎተራና በጣራ ሥር ትደብቅ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነትም ያንን ቁስል እንደገና ከፍቶታል። እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰበት ሰው «በነፃ ነው» ብሎ መናገር ማስረዳት አይደለም፤ ማባበል ነው። ማመልከቻን ከአፈሳ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሚያመለክተው ሰው ምን እንደሚሰጥ ዐውቆ፥ በፈቃዱ መስጠቱ ነው። ሳያውቅ የፈረመ ሰው ግን በወረቀት የታፈሰ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያጠናነውን፥ ጣፋጩንም መራራውንም ሳንደብቅ እናቀርባለን።

መጀመሪያ፥ አካዳሚዎቹ የትኞቹ ናቸው? አምስት ናቸው። ከሁሉ የሚቀድመው እ.ኤ.አ. በ1802 በኒው ዮርክ፥ ከሐድሰን ወንዝ ዳር የተቋቋመው የምድር ጦር አካዳሚ ዌስት ፖይንት ነው። ቀጥሎ በ1845 የባሕር ኃይሉ አናፖሊስ፤ በ1876 በኮነቲከት የሚገኘው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አካዳሚ፤ በ1943 በኪንግስ ፖይንት የንግድ መርከብ አካዳሚ፤ በ1954 ደግሞ በኮሎራዶ የአየር ኃይሉ አካዳሚ ተከትለዋል። አምስቱም የአራት ዓመት ኮሌጆች ናቸው። የሚወጣው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ይወጣል፤ ከሦስቱ ዋና ዋናዎቹ፥ ማለት ከምድር፥ ከባሕርና ከአየር ኃይል አካዳሚዎች የሚመረቀውም ምክትል የመቶ አለቃ ወይም በባሕር ኃይል ከዚሁ ጋር እኩል የሆነ ማዕርግ ይቀበላል። ከዚህ በኋላ የምንናገረው በተለይ ስለነዚህ ስለ ሦስቱ ነው።

ሁለተኛ፥ ማን ማመልከት ይችላል? በሚገባበት ዓመት ጁላይ 1 ቀን 17 ዓመት የሞላው፥ 23 ዓመትም ያላለፈ፤ ያላገባ፤ የሚያሳድገው ልጅ የሌለው፤ የአሜሪካ ዜግነት ያለው መሆን አለበት። ሴቶች ከ1976 ጀምሮ ይገባሉ፤ የመጀመሪያዎቹም በ1980 ተመርቀዋል። ስለዚህ «ይህ የወንድ ነገር ነው» እያሉ እኅቶቻችንን ከወሬው ውጭ የሚያደርጉ ወንድሞች ከ40 ዓመት በላይ ዘግይተዋል።

በዜግነት ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። የመኖሪያ ፈቃድ፥ እኛ ግሪን ካርድ የምንለው፥ አይበቃም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፥ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜግነት ካገኘ፥ ልጁም የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በዚያው ወላጅ አሳዳጊነት ሥር አብሮ የሚኖር ከሆነ፥ ሌላ መሐላ ሳያስፈልገው በሕግ ዜጋ ይሆናል። ብዙ ልጆች ዜጋ ሆነው ሳለ ዜጋ መሆናቸውን አያውቁም፤ ማስረጃውንም አላወጡም። የኛም ልጅ እንዲሁ ነበር። እናቱ ዜግነት ሲያገኙ እርሱ ገና 16 ዓመቱ ነበር። እኛ ግን ይህን ሳናውቅ «ገና መሐላ መፈጸም አለብህ» እያልን ሁለት ወር ሙሉ አቆየነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ለማውጣት ሲጣደፍ ሌላው ሥራ ተበላሸበት። እንግዲህ ዜግነት ለማግኘት ብቁ የሆናችሁ ወላጆች፥ የልጃችሁን 18ኛ ዓመት ልደት በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አስምሩበት።

ከኢትዮጵያ ቀጥታ ስለሚመጣ ተማሪም የጠየቁን አሉ። ሦስቱ አካዳሚዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ እስከ 60 የሚደርሱ የውጭ አገር ዕጩ መኮንኖችን መቀበል እንዲችሉ ሕጉ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ እነዚህን የሚያቀርባቸው የራሳቸው መንግሥት ነው። ሲመረቁም የአሜሪካን ጦር ማዕርግ አይቀበሉም፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ያገለግላሉ። ስለዚህ ይህ መንገድ ወደ አሜሪካ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው አልተዘጋጀም።

ሦስተኛ፥ ሰው ሁሉ የሚፈራው የጥቆማው ነገር ነው። ወደ ሦስቱ አካዳሚዎች ለመግባት ማመልከቻ ብቻ አይበቃም፤ ሕግ የሚያውቀው ሰው መጠቆም አለበት። ጠቋሚዎቹ የክፍለ ግዛቱ ሁለት ሴናተሮች፥ የወረዳው የምክር ቤት እንደራሴ፥ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ናቸው። በሙያ ወታደርነት ለሚያገለግሉ ሰዎች ልጆችም ሌላ በር አለ። እያንዳንዱ ሴናተርና እንደራሴ በየአካዳሚው በአንድ ጊዜ አምስት ተማሪዎች በስሙ ሊኖሩት ይችላሉ። በራሷ በዋሽንግተን ከተማ የሚኖር ልጅ ሴናተር የለውም፤ ለርሱ ያሉት በሮች የከተማዋ ተወካይና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው አካዳሚ ግን ጥቆማ አይጠይቅም፤ ይህን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ወዲያው ያሰብነው ምን ነበር? «እኛ ሴናተር የት እናውቃለን? ይህ የትልልቅ ሰዎች ልጆች ነገር ነው» አልን። ባደግንበት ልማድ ያለ ዘመድ፥ ያለ አማላጅ፥ ያለ እጅ መንሻ የሚከፈት በር ያለ አይመስለንም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከእንደራሴው ጋር መተዋወቅ አያስፈልግም። የርሱን ፓርቲ መደገፍም አይጠየቅም። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ ቅጽ፥ የራሱም የመጨረሻ ቀን አለው። ብዙዎቹ በመጸው ወራት፥ ማለት በሴፕቴምበርና በኖቬምበር መካከል ይዘጋሉ። ከዚያም አመልካቾቹን በቃል የሚጠይቅ ጉባኤ ይሰበሰባል። ለአንዱ ክፍት ቦታ ብዙ ስም ይላካል፤ አንዳንዱ እንደራሴ ስሞቹን በደረጃ አስቀምጦ ይልካል፥ አንዳንዱም ምርጫውን ለአካዳሚው ይተወዋል። ስለዚህ መጠቆም መግባት አይደለም፤ ያልተጠቆመ ግን አይገባም። አንድ ልጅ ለሁለቱም ሴናተሮች፥ ለእንደራሴውም፥ ለምክትል ፕሬዚዳንቱም ማመልከት ይችላል፤ ማመልከትም ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። ሥራው የሚጀመረው በ11ኛው ክፍል በጋ ሳይገባ ነው። በ12ኛው ክፍል በክረምት «ወንድሞቼ፥ ማመልከት ፈልጌ ነበር» እያለ የሚመጣውን ልጅ ልንረዳው አንችልም።

አራተኛ፥ ሰውነትና ጤና። የትምህርት ውጤት፥ የፈተና ነጥብና የመምህራን ምስክርነት እንደ ሌላው ኮሌጅ ሁሉ ይጠየቃሉ። በላዩ ግን የአካል ብቃት ፈተና አለ፤ መሮጥ፥ በክንድ መግፋት፥ ኳስ መወርወርና የመሳሰለው። ከዚያም የጤና ምርመራ ይከተላል፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ከ13 ዓመት ዕድሜ በኋላ የታየ አስም፥ ከባድ የምግብ አለርጂ፥ ለአንዳንድ ሥራም ቀለም ለይቶ አለማየት ያሰናክላል። አካዳሚው ልጁን አጥብቆ ከፈለገው በልዩ ፈቃድ ሊያልፍለት ይችላል፤ ይህ ግን የልጁ መብት አይደለም።

ለኛ ሰዎች በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ማስታወሻ አለ። አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ፥ ቢሲጂ የሚባለውን ክትባት ተከትበናል። በዚህ ምክንያት በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ በሽታው ሳይኖር እንዳለ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በደም የሚደረገው ምርመራ ግን በክትባቱ አይሳሳትም። በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ የተገኘበትና ታክሞ የጨረሰ ሰውም መጨረሱን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት በእጁ መኖር አለበት። ወረቀቱ ከአገር ቤት ወይም ከቀድሞ ሐኪም እስኪመጣ ወራት ስለሚያልፉ አስቀድሞ መፈለግ ነው። መደበቅ ግን አይገባም። መደበቅ ራሱ ከበሽታው የከፋ ምክንያት ይሆናልና።

አምስተኛ፥ ስለ ድርሰቱ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተታችንን እንናዘዛለን። ልጁ «ለምን መኮንን መሆን እፈልጋለሁ» የሚለውን ድርሰት ጽፎ አመጣልን። አጭርና ግልጽ ነበር፤ ስለ መርከብ ሞተር፥ ስለ አጎቱም ጽፎ ነበር። እኛ ግን አልበቃን አለ። አንዱ ታሪክ ጨመረበት። ሌላው ስለ መሪነት ሦስት ዐረፍተ ነገር አስገባ። ሦስተኛው ሰዋስውን አራቀቀው። የአጎቱን ነገር «ያሳዝናል፥ አይመችም» ብለን አወጣነው። ድርሰቱ አማረ፤ የልጁ መሆኑ ግን ቀረ። በቃል ጥያቄው ቀን ከጉባኤው አንዱ ሰው ያንን እኛ ያስገባነውን ዐረፍተ ነገር አነበበለትና «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። እርሱ ያላሰበውን ነገር እንዴት ያብራራ?

በዚያ ዓመት ጥቆማ አላገኘም። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው አንልም፤ ማንም ምክንያቱን አልነገረንም። ነገር ግን ሲመለስ የተናገረውን አንረሳም። «ወንድሞቼ፥ ስለ አጎቴ ቢጠይቁኝ ኖሮ እመልስ ነበር» አለን።

አካዳሚዎቹ ተማሪ እንዳይዋሽ፥ እንዳያታልል፥ እንዳይሰርቅ የሚያዝ የክብር ደንብ አላቸው፤ በዌስት ፖይንት ደግሞ ይህን የሚያደርገውን ባልንጀራ ዝም ብሎ ማለፍም ጥፋት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ደንብ ወዳለበት ቤት በሌላ ሰው ድርሰት ለመግባት መሞከር በሩ ላይ ቆሞ ደንቡን ማፍረስ ነው። በኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም ለታናሹ መጻፍ እንደ ደግነት ይቆጠራል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ይህ ኅብረት ፊደል ያርማል፥ ይጠይቃል፥ ያዳምጣል እንጂ አይጽፍም ብለን ብንወስን መልካም ነው።

ስድስተኛ፥ ወደ እናትዮዋ ጥያቄ እንመለስ። ስንት ዓመት ነው?

ልጁ የሚገባው በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠጉሩን ይቆረጣል፥ ልብሱን ይለውጣል፥ ይምላልም። መሐላው ለአገሩ ሕገ መንግሥት ነው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። ከዚያ ስድስትና ሰባት ሳምንት ብርቱ ሥልጠና አለ። ትምህርቱ ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጨርሶ ሦስተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት «ይህ ለኔ አይሆንም» ያለ ሰው ያለ አገልግሎት ዕዳ መውጣት ይችላል። ሦስተኛው ዓመት ሲጀመር ግን ግዴታው ይጸናል። ከዚያ በኋላ የወጣ ሰው በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ወይም የተማረበትን ገንዘብ እንዲመልስ ሊደረግ ይችላል። የተመረቀ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት በመደበኛ ጦር ያገለግላል፤ የተጠባባቂው ጊዜ ሲጨመር ጠቅላላው 8 ዓመት ይሆናል። አውሮፕላን ነጂ መሆን የፈለገ ከዚህም ይበልጥ ይቆያል።

እንግዲህ መልሱ አራትም አይደለም፥ አምስት ብቻም አይደለም። በ18 ዓመቱ የገባ ልጅ ከመደበኛው ጦር ለመውጣት ቢፈልግ ቢያንስ 27 ዓመት ይሆነዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚኖርበትን አገር አይመርጥም። ጦርነት ቢነሣ ጦርነቱን አይመርጥም። ሰው እንዲገድል፥ ሰዎችን እየመራም ወደ ሞት እንዲሄድ ሊታዘዝ ይችላል። ይህ ሁሉ «ነፃ ትምህርት» በምንለው ነገር ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው። ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን እያንዳንዱ ይፍረድ። እኛ የምንለው፥ ዋጋውን ሳይነግሩ ዕቃውን ማሞገስ የደላላ ሥራ ነው።

በአንጻሩ፥ መንገዱ ይህ ብቻ አይደለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከመደበኛው ትምህርት ጋር የመኮንንነት ሥልጠና የሚሰጥበት ክፍል አለ፤ ዲግሪ ከያዙ በኋላ የሚገባበት የመኮንኖች ትምህርት ቤትም አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም ዕድሜው ካላለፈ ወደ አካዳሚ ማመልከት ይችላል፤ ከገባ ግን የተማረው ምንም ያህል ቢሆን ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። ሲቀር ደግሞ መጥፎ ነገር አይደለም፤ በሁለተኛው ማመልከቻ የሚገቡ ብዙ ናቸው።

አሁን ከመካከላችን የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎችን ሳንመልስ ብናልፍ ደግ አይሆንም።

አንደኛው «የተማረ ሰው ከወታደር ቤት ምን አለው?» የሚለው ነው። ይህ ነገር በታሪካችን ትክክል አይደለም። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት የገቡት ፊደል የቆጠሩና የውጭ ቋንቋ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ኮርሳቸውን በወጉ ሳይጨርሱ ጠላት ደረሰባቸው። ከነርሱም መካከል በ1928 ዓ.ም. በምዕራብ የጥቁር አንበሳን ጦር ካቋቋሙት ጋር የተሰለፉ አሉ። በኋላም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሕንድ መኮንኖች ይመራ የነበረው የሐረር የጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። ወታደር ቤቱን ለሌላ ትቶ፥ ኋላ ወታደር ሲገዛን ማማረር ብቻውን ጥበብ አይደለም። በሌላም በኩል በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት መኮንኖች ከነዚሁ ትምህርት ቤቶችም የወጡ ነበሩና፥ አካዳሚ ገብቶ መማር ብቻውን ደግ መኮንን አያደርግም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አለብን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እዚያ ጥቁር ሰው፥ የስደተኛ ልጅ፥ ምን ይገጥመው ይሆን?» የሚል ነው። ይህ የወላጆች ጥያቄ ነው፤ መሠረትም አለው። በባርነት የተወለደው ሄንሪ ፍሊፐር እ.ኤ.አ. በ1877 ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ በጦር ፍርድ ቤት ከሠራዊቱ ተባረረ፤ የፕሬዚዳንት ምሕረት ያገኘው በ1999 ነው፤ እርሱ ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ። ቤንጃሚን ዴቪስ ልጅየው በዌስት ፖይንት አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ጉዳይ በቀር የሚያነጋግረው ባልንጀራ አጥቶ፥ ብቻውን በልቶ፥ ብቻውን ተኝቶ በ1936 ተመረቀ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀችበት በዚያው ዓመት ነው። በኋላም የተስኪጊን ጥቁር አብራሪዎች በጦርነት መርቶ ጄኔራል ሆነ። በአናፖሊስ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራቂ ዌስሊ ብራውን በ1949 እስኪወጣ ድረስ አካዳሚው ከተቋቋመ ከ100 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ በሩ በራሱ የተከፈተ እንዳይመስለን፤ በብቸኝነት የቆሙ ሰዎች ገፍተው የከፈቱት ነው። ልጁ ይህን ዐውቆ ይግባ።

ክቡራን ሆይ፥ አሁን ታሪካችንን እንጨርስ።

ያ ልጅ ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። እንደገና ለማመልከት ፈለገ። እኛም ሦስታችን እንደገና ወደ ቤታቸው ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ግን ልናባብል አይደለም። የጠየቁትን ሁሉ በወረቀት ጽፈን፥ በአማርኛ አንብበን አስረዳናቸው፤ 5 ዓመቱን፥ 8 ዓመቱን፥ ግዴታው የሚጸናበትን ጊዜ፥ ጦርነቱንም። እናትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም እኛን ትተው ወደ ልጃቸው ዞረው «ጦርነት ቢመጣስ?» አሉት።

እኛ አልመለስንም። ይህ በማንኛውም ቅጽ ላይ የማይገኝ ጥያቄ ነው። ልጁ «ሊመጣ ይችላል እማዬ። እርሱን ዐውቄ ነው የማመለክተው። ስለ አጎቴም በድርሰቱ መልሼ ጽፌአለሁ» አለ።

እናትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እሺ» አላሉም፤ «እንቢ»ም አላሉም። ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የዜግነቱን ምስክር ወረቀት አምጥተው በቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀመጡለት። ይገባ ወይም አይገባ እንደ ሆነ ገና አልታወቀም። ቢገባ ግን ሳይታፈስ ይገባል፤ ቢቀርም ሳይታለል ይቀራል።

እንግዲህ ለኅብረቱ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በየዓመቱ በፀደይ ወራት የ11ኛ ክፍል ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ሰብስበን ይህንን ሁሉ በአማርኛ እንድናስረዳ፤ ሁለተኛ፥ ለዜግነትና ለሕክምና ወረቀት የሚያስፈልገውን ነገር በአንድ ገጽ አዘጋጅተን በየቤተ ክርስቲያኑ፥ በየመስጊዱና በየምግብ ቤቱ እንድናድል፤ ሦስተኛ፥ ማንም የኅብረቱ አባል ለማንም ልጅ ድርሰት እንዳይጽፍ፥ ማንንም ልጅ «ግባ» ወይም «አትግባ» ብሎ እንዳይገፋ ነው። መምህራኖቻችን ደግሞ በተለይ ልጆቹን የቃል ጥያቄ በማለማመድ እንድትረዱን በትሕትና እንለምናለን፤ ያ በኛ ዕውቀት የሚሠራ አይደለምና።

በዚህ ዓመት ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ ዛሬ ማታ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን እናትና አባታችሁን አማክሩ።